በብረት ሳያስሩ ያዩልኝ የልጄ ጥርስ

ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ጥርሷን ስትገጥም የላይኞቹና የታችኞቹ የፊት ጥርሶቿ አይገናኙም። መሀላቸው ቀዳዳ ይቀራል፤ ምላሷ በዚያ ብቅ ይላል። ቀጭን ነገር በፊት ጥርሷ መቁረጥ ስለሚያቅታት በጎን ነው የምትነክሰው።

መጀመሪያ የወሰድኳት ክሊኒክ ሁለት ደቂቃ እንኳ አላዩልኝም። «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወድቃል» ተባልኩና ወጣሁ። በጣም ከፋኝ። የምጽፈው ግን ስለ ሁለተኛው ክሊኒክ ነው፤ የሕፃናትን ጥርስ ብቻ ነው የሚያዩት።

እዚያ ዶክተሯ ልጄን ወንበሩ ላይ ከማውጣታቸው በፊት ስትጫወት ቁጭ ብለው አዩዋት። በአፏ ነው በአፍንጫዋ የምትተነፍሰው? ማታ ታንኮራፋለች? ጣት ትጠባለች? ለምን ያህል ሰዓት? አንድ በአንድ ጠየቁኝ። አዎ፣ እንቅልፏ ሲመጣ አውራ ጣቷ አፏ ውስጥ ነው። እጇን ይዘው አሳዩኝ። የዚያ ጣት ቆዳ ከሌሎቹ ጠንከር ብሏል። ስንት ጊዜ እጇን ሳጥብ ሳላየው ቀርቻለሁ!

ከዚያ በኋላ ጥርሷን ቀስ ብላ እንድትገጥም አደረጉና አገጯ ወደ ጎን ይሸራተት እንደሆነ ተከታተሉ። የላይኛው መንጋጋ ጥርስ በአንድ በኩል ከታችኛው ወደ ውስጥ ገብቶ ከገጠመ፣ ልጁ አገጩን ወደ ጎን እየሳበ መንከስ ይለምዳል። እሱ ብዙውን ጊዜ በራሱ አይስተካከልም፣ በጊዜ መታከም አለበት አሉኝ። የእሷ የኋላ ጥርስ ደህና ነው፤ ተመስገን።

ምንም የጥርስ ማሰሪያ ብረት አላዘዙም። ይህን ክሊኒክ የወደድኩት ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው። ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች የሚመጡት 6 ዓመት ገደማ ላይ ነው። ጣት መጥባቱ ከዚያ በፊት ከቆመ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ በራሱ እየጠበበ ይሄዳል። ፎቶ አነሷት፤ ከ6 ወር በኋላ ሊያስተያዩት። በወተት ጥርሶቿ መካከል ስላለው ክፍት ክፍት ነገርም ጨንቆኝ ነበር። ለካ ጥሩ ነው! ተተኪዎቹ የፊት ጥርሶች ስለሚበልጡ ቦታ ይፈልጋሉ።

ልጄን ደግሞ እንደ ትልቅ ሰው ነው ያናገሯት። «ጣትሽ ማታ የት ይተኛ?» አሏት። «ትራስ ሥር» አለች። እኔን እንዳልቆጣት፣ እንዳላሳፍራት፣ ጣት ሳትጠባ ላደረች ሌሊት ኮከብ እንድለጥፍላት ነገሩኝ።

ቅሬታም አለኝ። በቀጠሮ ሄደን አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅን። ለ4 ዓመት ልጅ ይሄ ከባድ ነው፤ ስትገባ ደክማ ነበር። ምክሩንም በወረቀት ቢሰጡኝ ጥሩ ነበር፤ አባቷ ሲጠይቀኝ ግማሹ ጠፍቶብኛል።

ከሄድን ሦስተኛ ሳምንታችን ነው። 11 ኮከብ ለጥፈናል። ትናንት ማታ ሳልነግራት እጇን ራሷ ትራሱ ሥር ከተተች።