ለታፔላ ጸሐፊው ጋሼ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ደብረ ማርቆስ የምትኖሩ፣ ባነር ከመምጣቱ በፊት የነበሩትን ታፔላዎች ታስታውሳላችሁ? ቆርቆሮ ላይ በብሩሽ የተጻፉ፣ ፊደላቸው ጥላ የሚጥል፣ ሻይ ቤት ከሆነ ደግሞ ስኒው የሚጨስ። እነዚያን ከጻፉት ሰዎች አንዱ ዛሬም አሉ። ይህን የምጽፈው ላመሰግናቸው ነው፤ ሥራ ያላችሁም እንድታሠሯቸው።

የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነኝ። በሥነ ጥበብ ክፍለ ጊዜ የእጅ ጽሕፈትንና የውሃ ቀለምን አንድ ላይ ላሠራ አሰብኩ። እያንዳንዱ ልጅ አንድ ፊደል በትልቁ ይጽፋል፣ ዙሪያውን በዚያ ፊደል የሚጀምር ነገር ይስላል። አ ለአደይ አበባ፣ ጤ ለጤፍ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ። መጀመሪያ ያለ ረዳት ከልጆቹ ጋር ሞከርኩት። ጉድ ሆንኩ! “ውሃ አያስለቅቀውም” ተብሎ የተሸጠልኝ ጥቁር ማርከር ብሩሽ ሲነካው ሐምራዊ ኩሬ ሆነ። የፎቶ ኮፒ ወረቀቱም ተጨማደደ፣ ጠርዙ እንደ ደረቅ ቂጣ ተነሳ። አንዷ ልጅ “ቲቸር፣ የኔ ለ ሰመጠች” ብላ አለቀሰች።

ጋሼን የጠቆመችኝ የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ለእሷም ምስጋናዬ ይድረሳት። ቤታቸው ሄጄ ነገሩን ስነግራቸው ትንሽ ዝም አሉና “ልጆቹ ፊደል ያነባሉ፤ አይተውት ግን ያውቃሉ?” አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ክፍል ሲመጡ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ቀለም የሚባል ነገር አላስነኩም። ጠመኔውን አጋድመው ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ደ ጻፉ። ከዚያ አናቱ ላይ አንዲት ሰረዝ አስቀመጡ። ጀ ሆነ። ሰን ሸ አደረጉት፣ ተን ቸ፣ ነን ኘ። “ባርኔጣ አጠለቅንለት እኮ” ሲሉ ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ግዕዝ 26 ፊደላት አሉት፣ አማርኛ 7 ጨምሮ 33 አደረሳቸው ብዬ ስንት ጊዜ አስተምሬያለሁ። ከተጨመሩት አብዛኞቹ ከነባሮቹ እንዲህ እንደወጡ ግን በእጄ አሳይቼ አላውቅም።

ቀጥለው የሚጽፉበትን የመቃ ብዕር አወጡ። ልጅ ሆነው ቄስ ትምህርት ቤት ሳሉ ከአንድ ቁም ጸሐፊ፣ መጻሕፍትን በእጅ ከሚጽፍ ሰው፣ ነው መቁረጥ የተማሩት። ጫፉን በምላጭ ሰያፍ አድርገው ይቆርጡታል። ፊደል አንዱ ጎኑ ወፍሮ ሌላው የሚቀጥነው ከዚያ ከአቆራረጡ ነው። እጃቸውን ለሚያጠነክሩት “አትጫነው ልጄ፣ መቃው ራሱ ያወፍረዋል” ይሏቸዋል።

የውሃ ቀለሙ ቀን ደግሞ ሌላ ነበር። “ታፔላ ላይ ብሳሳት በነጭ እሸፍነዋለሁ፤ እዚህ ነጩ ወረቀቱ ነው” አሉ። ስለዚህ ነጭ ሆኖ የሚቀረውን ቀድሞ ማስጣል ያስፈልጋል። በምን? በጧፍ! ልጆቹ በጧፍ ፊደላቸውን ጻፉ። ወረቀቱ ላይ ምንም አይታይም። ጮ የደረሰው ልጅ የጮቄን ተራራ ሊስል ሰማያዊና አረንጓዴውን በውሃ አቅጥኖ አለበሰው። ሰሙ ውሃውን ገፋው፣ ከቀለሙ መሀል ነጭ ጮ እንደ ጉም ብቅ አለ። “ወጣች! ወጣች!” ብሎ ሲጮህ ሁሉም እሱ ላይ ተከመሩ፣ አንድ ጣሳ ውሃም ተደፋ። ወረቀቱ እንዳይጨማደድ አራቱን ጠርዝ ሰሌዳ ላይ በፕላስተር አጣብቀው እስኪደርቅ አይፈቱትም። ይችን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ስንት ወረቀት በተረፈኝ።

በመሀል ጠብም ነበር። ሁለት ልጆች ዓባይ በዓይኑ ዓ ነው፣ በአልፋው አ ነው ተባብለው ተያያዙ። እኔ ልፈርድ ስል ጋሼ ቀደሙኝ፦ “ዓባይ ሰፊ ነው፣ ሁለታችሁንም ያሻግራል።” የሁለቱም ሥራ ተሰቀለ።

እኔ ከሁሉ የማልረሳው ግን አንድ ግራኝ ተማሪዬን ነው። ደብተሩን በክንዱ ከልሎ የሚጽፍ ልጅ ነው፣ ማንም እንዲያይበት አይፈልግም። ጋሼ አጠገቡ ቁጭ ብለው ለጥቂት ጊዜ እጁን አዩ። ምንም ሳይናገሩ አዲስ መቃ አነሱና ሰያፉን በተቃራኒው ቆረጡለት። እሱ የጻፈው ረ አሁን የክፍላችን በር ላይ ነው፤ የለጠፈው ራሱ ነው።

ነቀፌታ የለኝም አልልም። ሦስት ሰዓት ካሉ አራት ሰዓት ብላችሁ ያዙት። ስልክም ቶሎ አያነሱም። ሥራቸው ግን የእጅ ሥራ ነው፤ ታፔላ፣ የክፍል ግድግዳ ላይ የፊደል ገበታ፣ ለልጆች ማስተማርም ይችሉበታል። ሂሳብ ስጠይቃቸው “ለልጆቹ ወረቀት ግዢበት” አሉኝ። እናንተ እሺ እንዳትሉ። ባነር ሥራቸውን ወስዶባቸዋል፣ ክፈሏቸው።

ስማቸውን አደባባይ እንዳወጣ ስላልፈለጉ ትቼዋለሁ። ሥራ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ጠዋት ጠዋት ግን አትደውሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።