ስትራቫ ወይስ ጎግል ፊት? ለጎጃም ተራማጅና ሯጭ

ስትራቫም ሆነ ጎግል ፊት እርምጃና ሩጫ የሚመዘግቡ የስልክ አፖች ናቸው። ከመጫናችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ዳታ ሲጠፋ ይሠራል? ባትሪ ይጨርሳል? ኔትወርክም መብራትም በሚቆራረጥበት ሀገር ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

ስትራቫ ርቀት የሚለካው በጂፒኤስ፣ ማለትም ያላችሁበትን ቦታ ከሳተላይት በሚያገኘው የስልኩ ክፍል ነው። ዳታ ባይኖርም ሩጫውን ይመዘግባል፣ ኔትወርክ ሲመጣ ይልከዋል። ግን ጂፒኤስ ባትሪ ይበላል። ጎግል ፊት እርምጃ የሚቆጥረው ስልኩ ውስጥ ባለ ሴንሰር ስለሆነ ለባትሪ ይቀላል። ስልኩ ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን እንጂ።

ለጤናው ብሎ ለሚራመድ ሰው ያለማመንታት ጎግል ፊትን እመርጣለሁ። አፑ ልብን ለሚያሠራ እንቅስቃሴ «የልብ ነጥብ» ይሰጣል፦ ፈጠን ያለ እርምጃ በደቂቃ 1 ነጥብ ያስገኛል፣ ሩጫ ደግሞ 2። የሳምንቱ ግብ 150 ነጥብ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ከሚለው ጋር ይገጥማል። ለወላጆቻችሁ ጫኑላቸው። በባሕር ዳር ሐይቅ ዳር ወክ ለሚያደርጉ አባቶችና እናቶች ከዚህ የቀለለ የለም።

ለሩጫ ግን ስትራቫ ይበልጣል። እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ እንደሮጣችሁ ያሳያል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደብረ ማርቆስ 2,400ን ታልፋለች። ከባሕር ዳር ሄዳችሁ ማርቆስ ላይ ፍጥነታችሁ ቢወርድ አትደንግጡ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ነው። ቁጥራችሁን በዚያው መንገድ ላይ ካለው የራሳችሁ ቁጥር ጋር አወዳድሩ። የሚከፈልበት የስትራቫ አገልግሎት መንገድ መንደፊያና የደረጃ ሰንጠረዥ ይጨምራል፤ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ለመክፈል የሚደረገውን ትግል ያህል ግን አይጠቅምም። ነጻው ይበቃችኋል።

አንድ ነገር አደራ። ስትራቫ የሮጣችሁበትን ካርታ ለሌሎች ሊያሳይ ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የተጠቃሚዎቹ ካርታ የጦር ሰፈሮችን ሳይቀር አጋልጦ ዓለምን አነጋግሯል። በተለይ አሁን ባለንበት ጊዜ፣ ገና ከመጀመሪያው ሩጫ በፊት ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ «Only You» (እናንተ ብቻ) የሚለውን ምረጡ። ይህን ሳታደርጉ ከቤታችሁ ደጃፍ አትጀምሩ።

የካሎሪ ቁጥር በሁለቱም ላይ ግምት ነው። በጾም ቀን ደግሞ አፑ እህል ውሃ እንዳልቀመሳችሁ አያውቅም፤ ከበድ ያለውን ሩጫ ወደ ጾም መፍቻው ሰዓት አስጠጉት።

ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ካላስወጣችሁ ቤት ውስጥ የሚሠራ የቪዲዮ ስፖርት ይሻላል። ቪዲዮ ዳታ ይጨርሳል፤ አስቀድሞ ማውረድ የሚፈቅደውን መርጣችሁ ዋይፋይ ባለበት አውርዱት።