ለቤት ሳሙና፦ እርድ ወይስ የቡና አተላ?

ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሳሙና ቀለም ለመስጠት፣ ለ500 ግራም ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ ይበቃል። በጥቂት ዘይት በጥብጦ፣ የዘይቱና የኮስቲክ ሶዳው (ዘይቱን ሳሙና የሚያደርገው ኬሚካል) ድብልቅ እንደ አጥሚት ሲወፍር መጨመር ነው። ኮስቲክ ሶዳው ሲነካው ወደ ቀይ ያደላል፤ መጀመሪያ ሳየው ያበላሸሁት መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ሳሙናው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሲደርቅ ግን ወርቃማ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ ይረጋል። ክፉ ጠባዩ ፀሐይ አለመውደዱ ነው፤ መስኮት ላይ የተቀመጠ ሳሙና ይደበዝዛል። በደንብ ከተበጠበጠ ደግሞ ብዙ ነጠብጣብ አይሰጥም።

ከቡና አተላ የሚፈለገው ነጠብጣቡ ነው። በረካው ተጠጥቶ ጀበናው ሲታጠብ የሚደፋው አተላ፣ በደንብ ደርቆ ከተጨመረ ጥቁር ጠቃጠቆ ይሆናል፤ የእጅ እድፍም ፈግፍጎ ያነሳል። ለፊት ግን ይሻክራል። ለወጥ ቤት የእጅ መታጠቢያ እኔ ቡናውን እመርጣለሁ።