መርካቶ ውስጥ ቆርቆሮ ለክተው የሚሸጡ ባለሱቅ

ለእናቴ ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ የገዛሁት መርካቶ ካለ አንድ ጠባብ ሱቅ ነው፤ በአገልግሎቱ እጅግ ረክቻለሁ። ባለሱቁ አዛውንት «ልጄ፣ የጌጁ ማለትም የውፍረት መለኪያው ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል» ብለው ባለ 28 እና ባለ 32 ጌጁን ጎን ለጎን አስቀምጠው በማይክሮሜትር ለክተው አሳዩኝ። ባለ 28ቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ለጣሪያው እሱን፣ ለአጥሩ ሳሳ ያለውን መከሩኝ፤ ውዱን ለሁሉም ሊሸጡልኝ አልሞከሩም። ለአሸንዳ ደግሞ ዝርግ ላሜራ አወጡ፤ ሲታጠፍ የዚንክ ልባሱ እንደማይላጥ ጫፉን እዚያው አጥፈው አረጋገጡልኝ። ከልባሱ 55 በመቶው አሉሚኒየም የሆነው አሉዚንክ ዝገትን ከተራው የዚንክ ልባስ ይበልጥ ይቋቋማል፤ እርጥብ ሲሚንቶ ግን እንዳይነካው አስጠነቀቁኝ። እንዲህ አስረድቶ የሚሸጥ ነጋዴ ብርቅ ነው!

ቅር ያሰኘኝ አቀማመጡ ነው። በር ላይ በተከመሩት ቆርቆሮዎች መካከል ዝናብ ገብቶ ነጭ ዝገት (ዚንኩ ሲበላ የሚወጣ ነጭ ብናኝ) አውጥተዋል፤ ከውስጥ እንዲያወጡላችሁ ጠይቁ። ቆራጩ ግራይንደር ካነሳም አስቁሙት፤ ሙቀቱ በጠርዙ ላይ ያለውን ዚንክ ያቃጥለዋል። የቆርቆሮ መቀስ ይበቃል።