አምኸርስት ወይስ ሴንት ጆንስ?

ሁለቱም ትንንሽ የአሜሪካ ሊበራል አርትስ (በአንድ ሙያ ሳይወሰን ሰፊ ዕውቀት የሚሰጥ ትምህርት) ኮሌጆች ናቸው። አስተማሪው በስም ያውቅሃል፤ ኋላ ወንበር ላይ መደበቅ የለም። ከዚህ ውጪ ግን አራምባና ቆቦ ናቸው።

ማሳቹሴትስ ያለው አምኸርስት ምርጫውን ለተማሪው ይተዋል። አንድ የመጀመሪያ ዓመት ሴሚናር (በውይይት የሚሰጥ ትንሽ ክፍል) እና ሜጀርህ (ዋና የትምህርት ዘርፍህ) የሚጠይቀውን ከወሰድክ በቃ። ሜጀርህ ካላስገደደህ ሒሳብን ሳትነካ ትመረቃለህ።

ሴንት ጆንስ ውስጥ ሜጀር የሚባል ነገር የለም። አናፖሊስም ሳንታ ፌም ባሉት ግቢዎቹ ሁሉም ተማሪ አንድ ዓይነት መጻሕፍት ያነባል። ሥርዓቱ ከ1937 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቆየ ነው። ንባቡ ከጥንታዊው የግሪክ ባለቅኔ ከሆሜር ይጀምራል። ጂኦሜትሪውን ከጥንታዊው የግሪክ የሒሳብ ሊቅ ከዩክሊድ ከራሱ መጽሐፍ ተምረህ፣ ሰሌዳ ፊት ቆመህ ታስረዳለህ። ጥንታዊ ግሪክኛ አለ፣ ቀጥሎ ፈረንሳይኛ። ማታ ማታ ጠረጴዛ ከበው ይከራከራሉ። ከሁሉም የሚገርመኝ ግምገማው ነው። አስተማሪዎቹ ተማሪውን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ እንደሌለ ቆጥረው ስለ እሱ ያወራሉ። ከዚያ እሱም ይናገራል። እኔን ላብ ያጠምቀኝ ነበር! ማርክም አለ፤ ካልጠየቅክ ግን አይነገርህም።

የወደፊቱን ገና ላልወሰነና ማንበብ ለሚወድ ልጅ ሴንት ጆንስን እመርጣለሁ። «ምን እያጠናህ ነው?» ለሚል ሐበሻ ወላጅ መልስ መስጠቱ ግን ቀላል አይሆንም። ኬሚስትሪ ወይም ኮምፒውተር ሳይንስ ለቆረጠ፣ አምኸርስት። ደግሞም አምኸርስት የውጭ አገር አመልካችን ሲመርጥ የመክፈል አቅሙን አያይም፤ ከተቀበለው የጎደለውን ይሸፍናል። ለዚህም ነው መግባቱ ፈተና የሆነው።