ታክስ ለሚያስጨንቃችሁ፣ በተለይ ስታይፔንድ (በእጅ የሚሰጥ የመተዳደሪያ ብር) ለምትበሉ የጦር ተማሪዎች

እኔ የሕክምና ተማሪ ነኝ። የሚያስተምረኝ የአሜሪካ ጦር ነው፣ ኤችፒኤስፒ በሚባለው የጤና ተማሪዎች ስኮላርሺፕ። ለትምህርት ቤቱ የሚከፍሉልኝ ታክስ የለበትም። በእጄ የሚሰጡኝ ስታይፔንድ ግን አለበት። ይቺን የሚነግረኝ ሰው እስካገኝ ሁለት ዓመት ተቃጠልኩ።

የመጀመሪያው ታክስ ሠሪ "የወታደር ገንዘብ አይነካም" ብሎ ስታይፔንዱን ጭራሽ ሳይጽፈው ሸኘኝ። ሁለተኛዋ "ሪፈንድ (ተመላሽ ብር) አወጣልሻለሁ" አለች፣ ብሯን ተቀበለች፣ ፎርሙ ላይ ግን አልፈረመችም። ለካ ተከፍሎት የሚሠራ ሰው የመፈረም ግዴታ አለበት፣ እኔ ምን አውቄ! ከአይአርኤስ (ከአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት) ደብዳቤ ሲመጣ ደወልኩላት፣ ስልኳ አይነሳም። ባለቤቴ ደግሞ ሊፍት (በስልክ አፕ የሚጠራ ታክሲ) ነው የሚነዳው፣ ከሱ ገቢ ላይ ማንም ቀድሞ የሚቆርጥ የለም፣ የሱም የታክስ ዕዳ በኔው ላይ ተደርቦ መጣ። ያን ሰሞን ቤታችን ኩርፊያ ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ፖስታ ፈርተን ሳንከፍተው ፍሪጅ ላይ ከረመ።

በመጨረሻ አንዲት ጓደኛዬ ቪታ ወደሚባለው ነፃ የታክስ እርዳታ ላከችኝ፣ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። እዚያ በበጎ ፈቃድ የሚሠሩ አንድ ጋሼ አሉ። ያልተከፈተውን ፖስታ ከእጄ ወስደው ቀስ ብለው ቀደዱት፣ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡትና "ልጄ፣ ይኼ እኮ ክስ አይደለም፣ ሒሳብ ነው" አሉኝ። እዚያው ወንበሩ ላይ እንባዬ መጣ።

ከዚያ በራሴ ስልክ ማይፔይ የሚባለውን የጦሩን የክፍያ ድረ ገጽ አስከፈቱኝ፣ እሳቸው ምንም ሳይነኩ እኔው እንድጽፍ አደረጉ። ከስታይፔንዴ ላይ ጨመር አድርገው እንዲቆርጡ አዘዝን፣ ከባለቤቴም ዕዳ ከፊሉን ይሸፍናል። የቱ መስመር ላይ ምን እንዳስገባሁ አትጠይቁኝ። ቀሪውን በዓመት አራት ጊዜ እንከፍላለን፣ ቀኖቹን በዚያው ፖስታ ጀርባ ጻፉልኝ፦ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15፣ ጃንዋሪ 15። (በየሦስት ወሩ ነው ይሉታል፣ ከኤፕሪል እስከ ጁን ግን ሁለት ወር ነው፣ ማን እንደቆጠረው እንጃ።) "እቁብ ነው በዪው፣ ዕጣ የማይወጣበት እቁብ" አሉኝና ሳቁ። አሁን ፍሪጁ ላይ ያለው ያ የፖስታ ጀርባ ነው። ባለፈው ሴፕቴምበር ቀኑን ቀድሞ ያስታወሰኝ ባለቤቴ ነው!

እባካችሁ ሂዱ። ገቢያችሁ በጣም ከፍ ያለ ካልሆነ ያስተናግዷችኋል። ቀጠሮ ቶሎ ያዙ፣ ኤፕሪል ሲቃረብ አይገኝም። መታወቂያ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ፣ ደብሊው ቱ (ከአሠሪ የሚሰጥ የዓመት ገቢ ወረቀት) እና ያለፈውን ዓመት ታክስ ያዙ። ባልና ሚስት ከሆናችሁ ሁለታችሁም ሂዱ፣ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። የጋሼን ስም እዚህ አልጽፍም፣ በውስጥ ጠይቁኝ።

ገንዘብ እንዳታወጡላቸው ደግሞ፣ አይቀበሉም። እኔ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ወስጄላቸው፣ እዚያው ቆራርሰው ተራ ለሚጠብቀው ሰው አደሉት።