ዲስፕሌይሊንክ ወይስ ቀጥታ ዩኤስቢ-ሲ? ባትሪ የሚቆጥበው ዶክ የቱ ነው?

ሐዋሳ ላይ መብራት ሲጠፋ ሞኒተሩንና ዶኩን (ላፕቶፑን ከሞኒተርና ከሌሎች ዕቃዎች ጋር የሚያገናኘውን ሳጥን) በዩፒኤስ ይዞ ሥራውን የሚቀጥል ሰው፣ ላፕቶፑ ምን ያህል ኃይል እንደሚበላ ሊያስጨንቀው ይገባል። ችግሩ ሁለቱ የዶክ ዓይነቶች ከውጭ ሲያዩዋቸው መመሳሰላቸው ነው።

ዲስፕሌይሊንክ ያለው ዶክ የስክሪኑን ምስል በላፕቶፑ ፕሮሰሰር አስጨምቆ እንደ ተራ ዳታ በዩኤስቢ ይቀበላል። ድራይቨር የሚባል ሶፍትዌር ላፕቶፑ ላይ መጫን ይፈልጋል። ስክሪኑ ላይ ብዙ የሚንቀሳቀስ ነገር ከሌለ ጭነቱ ቀላል ነው፤ ቪዲዮ ከፍታችሁ ወይም ረጅም ገጽ ቶሎ ቶሎ ወደ ታች እየሳባችሁ ስትሠሩ ግን ፕሮሰሰሩ ሥራ ይበዛበታል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ባትሪውም ቶሎ ይወርዳል።

ዲስፕሌይፖርት የሚባለውን የምስል ሲግናል በዩኤስቢ-ሲ በቀጥታ የሚያሳልፈው ዶክ ይህ ጣጣ የለበትም። ምስሉ ከላፕቶፑ ግራፊክስ ቺፕ በቀጥታ ይወጣል። እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። አንድ ነገር ግን አጣሩ፦ በአንዳንድ የጌም ላፕቶፖች ፖርቱ የተገናኘው ከትልቁ ግራፊክስ ካርድ ጋር ስለሆነ፣ ሞኒተር እስከተሰካ ድረስ ካርዱ አያርፍም።

ላፕቶፓችሁ ምስል የሚያወጣ ዩኤስቢ-ሲ ከሌለው፣ ወይም ኤም1 ማክቡክ ኤር ላይ ሁለት ሞኒተር ከፈለጋችሁ፣ ዲስፕሌይሊንክ ያስፈልጋችኋል። ያኔ ጭነቱ እንዲቀንስ ሞኒተሩን ወደ 1080ፒ የምስል ጥራት እና 60 ኸርዝ (ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ የሚታደስበት ፍጥነት) አውርዱት፣ ቪዲዮ ደግሞ በላፕቶፑ በራሱ ስክሪን እዩ።